የሸምሰዲን ቀበቶ

በ2091 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ደጅ መገኘት ክልክል ነበር። አራት ሲሆን ሳይረን ይጮኻል። ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፤ አውቶቡሱ የመጨረሻውን ተሳፋሪ አራግፎ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እስከ አሥር ሰዓት ከተማዋ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ደረቁ ወንዝ ላይ ነፋስ የሚያንከባልለው ላስቲክ ነው። ሰዉ ለምዶታል። ልጆቹ አሥር ሰዓትን «ሁለተኛው ጠዋት» ይሉታል።

ሙቀቱ መጀመሪያ የወሰደው የሰውን ኩላሊት ነበር። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ላይ እስኪስማሙ ድረስ ከሦስት ሰው አንዱ ወገቡ ላይ መሣሪያ ታጥቋል። መሣሪያው በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሰዉ ግን «ቀበቶ» ብቻ ነው የሚለው። ደም ይቀበላል፣ ያጠራል፣ ይመልሳል፤ ይህን ሲያደርግም ቀን ከሌት ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል። አውቶቡስ ውስጥ ሰባት ስምንት ቀበቶ አብሮ ሲያንጎራጉር ማንም ልብ አይለውም። አንዱ በድንገት ዝም ሲል ግን ወሬው ሁሉ ይቆማል፤ ሁሉም እጁን ወደ ወገቡ ይሰዳል። የራሱ አለመሆኑን ያረጋገጠ ቀስ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

አዲስ ቀበቶ በወረፋ ነው፤ ወረፋው አራት ዓመት ይፈጃል። አራት ዓመት የሚጠብቅ ኩላሊት ስለሌለ ሰዉ የሚታጠቀው የሟች ቀበቶ ነው። የሚገኘውም በጨረታ ሰሌዳ ላይ ነው።

እታገኝ ወልደሰንበት የጨረታ መግለጫ ጸሐፊ ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው። «ማንኛውም የጨረታ ዕቃ በሰው ታይቶ፣ በሰው እጅ ተጽፎ፣ በሰው ስም ይፈረምበት» የሚለው ደንብ ሲወጣ ነው ወደዚህ ሥራ የገባችው። ከዚያ በፊት መግለጫ የሚጽፈው ማሽን ነበር። የማሽኑ መግለጫ ጣፋጭ ነበር፤ ያንን ጣፋጭ ቃል አምኖ ስንት ሰው እንደተቀበረ ግን የቆጠረ የለም።

ወደ ጨረታ ቤቱ ከመምጣቷ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በልብስ ፋብሪካ የስፌት መስመር ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ጆሮዋ ተሳለ። በመቶ ሃያ መኪና ጩኸት መሃል የትኛው መርፌ ሊሰበር እንደሆነ፣ የትኛው ክር ሊበጠስ እንደሆነ ትለይ ነበር። ጨረታ ቤቱም የቀጠራት ለቋንቋዋ ሳይሆን ለዚህ ጆሮዋ ነው። ቋንቋውን በኋላ ራሷ አበጀችው። አዲስ ጸሐፊዎች ሲመጡ የምትነግራቸው አጭር ነገር ነበር፤ «መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ንገሪ። ያምራል አትበይ፤ የት እንደተጫረ ንገሪ። ለማን እንደሚሆን ጻፊ፤ ለማን እንደማይሆንም ጻፊ። አንባቢው ዕቃውን በእጁ እንዳልያዘ አትርሺ፤ ያለው እጅ ያንቺ ብቻ ነው።»

ያን ማክሰኞ ፎዚያ የምትባል ሴት ቀበቶ ይዛ የመጣችው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃምሳዎቹን የያዘች፣ ጠይም፣ ፈጣን እግር ያላት ሴት ናት። ቀበቶውን በሕፃን ፎጣ ጠቅልላ እንደታቀፈችው ነበር የገባችው።

«የባለቤቴ ነው» አለች፤ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ እየፈታች። «ሸምሰዲን ይባላል። አርባው ባለፈው ሳምንት ወጣ።»

«አላህ ይርሐመው» አለች እታገኝ። «በምን ሞተ?»

«በእንቅልፉ።»

እታገኝ «በእንቅልፉ» ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈች። ድሬ ላይ ብዙ ሰው የሚሞተው በእንቅልፉ ነው።

«በልውውጥ ነው የምፈልገው» አለች ፎዚያ። «ልጄ ሆስፒታል ናት፤ ሂክማ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ይሄ ለሰባ ኪሎ ሰው ነው የተሠራው፤ እሷ አርባ አራት ኪሎ ናት፤ ደሟን ይጎትተዋል አሉኝ። ጅማ ላይ በልኳ የሚሆን ተገኝቷል፤ እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት በስሜ ይዘውልኛል። ይሄ እስከ አሥር ሰዓት ወሳጅ ካገኘ ያኛው የኔ ነው። ካላገኘ ለሚቀጥለው ሰው ይሄዳል።»

«ሂክማ አሁን በምን ላይ ናት?»

«በትልቁ ማሽን። ተራዋ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ አልጋው የሌላ ሰው ነው።»

ሳይረኑ ጮኸ። የጨረታ ቤቱ በሮች ተራ በተራ ተዘጉ። ፎዚያ ወደ ቤቷ መሄድ አትችልም ነበር፤ እስከ አሥር ሰዓት በመጠበቂያው አዳራሽ፣ ከግዙፉ ሰሌዳ ፊት ለፊት መቀመጥ ነበረባት።

እታገኝ ቀበቶውን ወደ ክፍሏ ወሰደች። መርማሪው ማሽን ላይ ሰካችው። መርማሪው ግማሽ ሰዓት አዳመጠና አረንጓዴ መብራት አሳየ፤ «ደህና»። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እታገኝ ቀበቶውን ከጨው ውሃ ከረጢት ጋር አገናኝታ እንዲሠራ ተወችውና መልኩን ማየት ጀመረች። ማሰሪያው ሁለት ቦታ በእጅ ተሰፍቷል፤ ጠንካራ ስፌት ነው። ማጣሪያው ከአራት ወር በፊት የተቀየረ ነው፤ ንጹሕ። ሽፋኑ ግራጫ፣ ጠርዙ ላይ ተጭሯል። በቀኝ ጎኑ በኩል ግን ቀለሙ ለቆ ብረቱ ወጥቷል። ጭረት አይደለም። ልሙጥ ነው፤ የቤተ መቅደስ ደጃፍ ከመሳለም ብዛት እንደሚለሰልሰው ዓይነት። እጇን ዘርግታ አስቀመጠችበት። የመዳፍ ልክ ነበር።

ይህን መዳፍ ምን አመጣው ብላ ስታስብ ቀበቶው ዝም አለ።

ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት ከአርባ ስምንት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ቆጠረች። ተነሳ፤ ማንጎራጎሩን ቀጠለ። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ጆሮዋን አስጠጋች። ሌላ አርባ ስምንት ደቂቃ ጠበቀች። ከመቆሙ በፊት ድምፁ ቀጠነ፤ የስፌት ክር ሊበጠስ ሲል እንደሚቀጥነው። ከዚያ ዝምታ፤ ሰባት ሰከንድ። ሦስተኛውን መዝገቧን ከፍታ ጠበቀች። ስድስት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ መጣ። አሥራ አንድ ቆጥራ ነበር ቀበቶው የተነሳው።

አዳራሹ ውስጥ ፎዚያ ብቻዋን ነበረች። እታገኝ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይቆማል» አለቻት።

ፎዚያ ባዶውን የሕፃን ፎጣ ጭኗ ላይ አጠፈች።

«በቀኝ ጎኑ ላይ የመዳፍ ምልክት አለ። ይመታው ነበር አይደል?»

«መርማሪው ምን አለ?»

«ደህና ነው አለ።»

«እንግዲህ ደህና ነው! አንቺ ከመርማሪው ትበልጫለሽ?» ፎዚያ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ሰሌዳው ላይ የዕቃዎቹ ስምና የተመልካቾቹ ቁጥር ይወርዳል። «አቦ፣ እህቴ፣ ተይኝ። የማንንም መግለጫ ስታሳምሪ ዋልሽ፤ የኔ ጋ ስትደርሺ ነው ጆሮሽ የተሳለው?»

«የማንንም አላሳመርኩም። እንዴት እንደሞተ ንገሪኝ።»

ፎዚያ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች። መናገር ስትጀምር ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ወጣ።

«ሁለት ዓመት ሆነው ይሄ ነገር ከጀመረው። ሲቆም በመዳፉ መታ ያደርገዋል፣ ይነሳል። ለምዶት ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነበር የሚመታው። ሌሊት እኔ ነበርኩ፤ ከእንቅልፌ ሳልነቃ እጄ ራሱ ሄዶ ይመታለት ነበር። ያን ቀን ጨው ልበደር ጎረቤት ገባሁ። ሁለት ቤት ብቻ ነው። ወሬ ያዘኝና ሳይረኑ ጮኸ። ብወጣ ዘብ ይይዘኛል፤ ይቀጡኛል አልኩ። እስከ አሥር ሰዓት ልጠብቅ አልኩ። እሱ ቁርሱን በልቶ ጋደም ብሏል።» እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ቤታችን በመስኮት ይታየኝ ነበር።»

እታገኝ መዝገቧ ላይ «በእንቅልፉ» ብላ የጻፈችውን አየች።

«እሱን አልመልሰውም» አለች ፎዚያ። «ሂክማን ግን… ስሚኝ። ወሳጁ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ሰውየው ሚስት ትኖረዋለች፤ ትመታለታለች። እኔ ሁለት ዓመት አኑሬዋለሁ። ሁለት ዓመት ትንሽ ነው? አትጻፊው። ውሸት ጻፊ አላልኩሽም። ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

እታገኝ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። የምታስበው ከሦስት ዓመት በፊት ቀበቶ የታጠቀ ሰው ሞቶባት ስለደወለችላት የሚኤሶ ሴት ነው። ሴትየዋ ሰላምታ አልሰጠችም፣ አልሰደበችም። እታገኝ የጻፈችውን መግለጫ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበችላት። «ድምፁ ደህና ነው» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ አልተለወጠም። ከታች ያለውን «እታገኝ ወልደሰንበት» የሚለውን ስምም አነበበችና ስልኩን ዘጋችው። እታገኝ ያንን ቀበቶ ያዳመጠችው አርባ ደቂቃ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ዳግማዊ በሩን አንኳኩቶ ገባ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው፤ ድሬ «አንቺ» እና «አንተ» ስትባባል እሱ አሁንም በአንቱታ ነበር የሚያናግራት።

«እትዬ እታገኝ፣ መግለጫው ዘገየብን። ይህን ሞዴል የሚጠብቁ አርባ አንድ ሰዎች አሉ።»

«ይቆማል፤ በየአርባ ስምንት ደቂቃው።»

ዳግማዊ መርማሪው ላይ ያለውን አረንጓዴ መብራት አየ። «መርማሪው እንደዚያ አላለም።»

«መርማሪው የሚያዳምጠው ግማሽ ሰዓት ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፤ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደንቡን ግን እርስዎም ያውቁታል። ከመርማሪው ውጤት የተለየ ከጻፉ ዕቃው ወሳጁ ዘንድ ተከፍቶ ይታያል። ጉድለቱ ካልተገኘ ፈቃድዎ ይነጠቃል። ይገኝ ይሆናል፣ ላይገኝም ይችላል። እነዚህ ነገሮች ሲከፈቱ አንዳንዴ ደህና ሆነው ይቀርባሉ። ሌላ ሥራ የሚሰጥዎት አለ? በዚህ ዕድሜ?»

«የለም።»

«እንግዲህ አንድ ቃል ነው፤ ደህና። መርማሪው ያለውን ደገሙ እንጂ ዋሹ የሚልዎት የለም።»

ከወጣ በኋላ እታገኝ ለጥቂት ጊዜ ቀበቶውን አየችው። ብትጽፍ ሂክማ፣ ባትጽፍ ስሙን የማታውቀው አንድ ሰባ ኪሎ ሰው። ሚዛኑ ላይ ሁለቱን አስቀምጣ ለማየት ሞከረች፤ አልሆነላትም። አንዷን ታውቃታለች፤ ሌላው ፊት የለውም። ፊት ያለው ሁልጊዜ ይመዝናል። ለዚህ አይደል እንዴ መግለጫ የሚጻፈው፤ ፊት ለሌለው ሰው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን መጻፍ ጀመረች። ሌላ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃታል፤ ያን ቀን አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ጉድለቱን መናገር ከባድ አልነበረም። የከበዳት ጉድለቱን ተናግራ፣ የቀረውን ደህና ነገር ደግሞ ሳታሳንስ መናገር ነው። እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ እያየች እንዲህ ብላ ጨረሰችው፦

«የወገብ ኩላሊት፣ አሮጌ ሞዴል፣ ከ65 እስከ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተሠራ። አንድ ሰው ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ታጥቆታል፤ ሰውየው ሞቷል። ማጣሪያው ከአራት ወር በፊት ተቀይሯል፤ ንጹሕ ነው፤ በእጄ ይዤ በብርሃን አይቼዋለሁ። ባትሪው ከተሞላ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል። ማሰሪያው ሁለት ቦታ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ከአዲስ ይጠነክራል። ቀበቶው በየአርባ ስምንት ደቂቃው ይቆማል። ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ለአራት፣ ለሰባትና ለአሥራ አንድ ሰከንድ። ከመቆሙ በፊት ድምፁ ይቀጥናል። መርማሪው ይህን አላገኘም። በቀኝ ጎኑ ቀለሙ በመዳፍ ልክ ለቋል፤ ባለቤቱ ሲቆምበት እየመታ ያስነሳው ነበር። አንድ ቀን የሚመታለት ሰው አጠገቡ አልነበረም። ይህ ቀበቶ ለሚታጠቀው ሰው አይሆንም። ማጣሪያ፣ ባትሪ ወይም ማሰሪያ ለሚፈልግ ይሆናል። እታገኝ ወልደሰንበት።»

ላከችውና ወደ አዳራሹ ወጣች። ፎዚያ ስታነብ አጠገቧ መሆን አለብኝ ብላ ነው።

መግለጫው ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ተመልካቹ አርባ አንድ ነበር። ፎዚያ ቆማ አነበበች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። «የሚመታለት ሰው አጠገቡ አልነበረም» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። በዚያ መሃል ቁጥሩ ሃያ ስድስት ሆነ። ወዲያው አሥራ አራት። ከዚያ ስድስት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው ላይ ዜሮ ነበር የሚያሳየው።

እታገኝ ፎዚያ ዞራ በጥፊ የምትላት መሰላት። አልመታቻትም። ከሷ ራቅ ብላ፣ አዳራሹ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች።

ዳግማዊ ከቢሮው መስታወት ጀርባ ወጣ። «ከአሁን ጀምሮ ሥራ ላይ አይደሉም። ዕቃው ተከፍቶ እስኪታይ ወደ ክፍልዎ መግባት አይችሉም» አለ። ከዚያ ዜሮውን አየና «የሚከፍተው ሰው ከተገኘ» ብሎ ጨመረበት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። የሁለቱ ሴቶች ዓይን ሰሌዳው ላይ ነው፤ አይነጋገሩም። እታገኝ ለሰባ ኪሎው ሰው ብላ አርባ አራት ኪሎዋን ልጅ ገደልኩ የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ ታባርረዋለች፤ ተመልሶ ይመጣል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ ዜሮው አንድ ሆነ። ከሥሩ ጥያቄ ወጣ። ጠያቂው ጉሌድ የሚባል የጅግጅጋ ጠጋኝ ነው።

«ማጣሪያው ላይ ያለው ቁጥር በምን ይጀምራል?»

እታገኝ ከመዝገቧ አይታ በሰሌዳው መጻፊያ መለሰች።

«ሊቆም ሲል ድምፁ ይቀጥናል ብለሻል። በዝግታ ነው ወይስ ባንዴ?»

«በዝግታ» ብላ ጻፈች። «ክር ሊበጠስ ሲል እንደሚቀጥነው። ሦስት አራት ሰከንድ አስቀድሞ።»

መልስ ሳይመጣ ደቂቃዎች አለፉ። ዘጠኝ ከአርባ አምስት። ፎዚያ ከጥግዋ ተነስታ መጥታ ከእታገኝ ኋላ ቆማለች፤ ትንፋሿ አንገቷ ላይ ይሰማታል። ዘጠኝ ከሃምሳ።

«ባንዴ ቢሆን ማጣሪያው ተነክቷል እል ነበር» አለ የጉሌድ ጽሑፍ። «በዝግታ ከሆነ የውስጥ ቱቦው ነው፤ ማጣሪያው ጤነኛ ነው። የዚህ ሞዴል ማጣሪያ መሠራት ካቆመ ቆይቷል። ማጣሪያ አጥተው መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ሦስት ቀበቶዎች አሉኝ። እወስደዋለሁ።»

ሰሌዳው ላይ «ተወስዷል» የሚል ቃል በራ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ነበር። ፎዚያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እታገኝ ልትነካት እጇን ሰድዳ መለሰችው።

ያን ጊዜ ነው የጅማውን ቀበቶ መግለጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው። ሰሌዳው ላይ፣ ከፎዚያ ስም ጎን ወጥቶ ነበር፦ «ከ40 እስከ 50 ኪሎ። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ ያማረ። ገለቴ ፉፋ።»

ደግማ አነበበችው። ከዚህ ሌላ ምንም አልነበረውም።

ከአዳራሹ ስልክ ወደ ጅማ ደወለች። ገለቴ ድምጿ የደከመ ሴት ነበረች።

«ሥራ ባልደረባሽ ነኝ፤ ከድሬ። ዛሬ በልውውጥ የወጣውን ቀበቶ ለስንት ሰዓት አዳመጥሽው?»

«መርማሪው ደህና ብሏል።»

«መርማሪውን አልጠየቅኩሽም፣ እህቴ።»

ከዚያኛው ጫፍ የወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ ቆመ። «በቀን ሠላሳ አራት ዕቃ ነው የሚደርሰኝ» አለች ገለቴ። «መልኩን አይቻለሁ። ማሰሪያውን ስቤ አይቻለሁ። አላዳመጥኩትም።»

«አሁን ማዳመጥ ትችያለሽ?»

«ወደ ጭነት ሄዷል። ነገ ጠዋት ይደርሳችኋል።» ትንሽ ቆይታ፣ «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» ብላ ጠየቀች። እታገኝ ነገረቻት።

እታገኝ ይህን ለፎዚያ ሳትሸሽግ ነገረቻት። ፎዚያ ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ የሌለበት ድምፅ ነበር።

«ከመታጠቋ በፊት እናዳምጠው።»

በማግስቱ ቀበቶው ሆስፒታል የደረሰው ሳይረኑ ከመጮኹ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሂክማ በትልቁ ማሽን ተይዛ ተጋድማለች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ የአባቷ ሹራብ የለበሰች ልጅ። ነርሷ ቀበቶውን ልትገጥም እጇን ስትዘረጋ እታገኝ ከለከለቻት።

«መግጠሙ አንድ ሰዓት ይወስዳል» አለች ነርሷ። «ስምንት ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ይተኛል። ሰውየው ኮሪደር ላይ ነው፤ አይታችሁታል።»

«ሰባት ሰዓት ላይ ትጀምሪያለሽ» አለች እታገኝ። «እስከዚያ ሦስት ሰዓት አለን።»

«ቢቆምስ? ሌላ የላችሁም።»

ይህን ጥያቄ ሁለቱም ሴቶች ሌሊቱን ሙሉ አስበውት ነበር። መልስ አላገኙለትም። ፎዚያ ግን «ቢቆምም አውቄ ነው የማስታጥቃት» አለች። ነርሷ ትከሻዋን ሰበቀችና የጨው ውሃ ከረጢቱን አመጣች።

አራት ሰዓት ላይ ቀበቶው ማንጎራጎር ጀመረ። እታገኝ በአንድ በኩል፣ ፎዚያ በሌላ በኩል ጆሯቸውን አስጠጉ። አርባ ስምንተኛው ደቂቃ ሲደርስ ፎዚያ ዓይኗን ጨፈነች። አለፈ። ግን አርባ ስምንት የሸምሰዲን ቀበቶ ቁጥር ነው፤ የዚህኛው ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል? ስለዚህ እያንዳንዱን ደቂቃ መጠበቅ ነበረባቸው።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ የእታገኝ ስልክ ነዘረ፤ ጉሌድ ነው። «ከፈትኩት» ይላል። «ቱቦው በስተውስጥ ተሰንጥቋል፤ ሲሞቅ ይዘጋል፣ ሲበርድ ይከፈታል። ማጣሪያው እንዳልሽው ነው። ለጨረታ ቤትሽ ፎቶውን ልኬያለሁ።» እታገኝ አንብባ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ፈቃዷ ተረፈ ማለት ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ጆሮዋን ግን ከቀበቶው ልታነሳ አልቻለችም።

«እማ» አለች ሂክማ ከትራሷ ላይ፤ «ለአባዬም እንዲህ ቁጭ ብላችሁ አዳምጣችሁለት ነበር?»

ፎዚያ ጆሮዋን ሳታነሳ፣ «አልሰማነውም፤ መምታት ብቻ ነበር የምናውቀው» አለች።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ድምፁ ቀጠነ።

እታገኝ እጇን አነሳች። ፎዚያ የአልጋውን ብረት ጨበጠች። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። እታገኝ አንድ አለች፣ ሁለት አለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሥር ያለው ማንጎራጎር እንዳለ ሰማች። የጠፋው ሌላ ድምፅ ነው። ከመጋረጃው ማዶ የተኛው ሽማግሌ የራሱን ቀበቶ አጥፍቶ ባትሪ ሊቀይር ነበር። ሽማግሌው ሁለቱ ሴቶች መጋረጃውን ገልጠው ሲያፈጡበት ደንግጦ «ምን አጠፋሁ?» አላቸው።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ነርሷ መጣች። ቀበቶው አልቆመም ነበር።

መግጠሙ እንደተባለው አንድ ሰዓት ፈጀ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ተገፍቶ ሲገባ ሂክማ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ወደ መስኮቱ ተጠግታ ነበር፤ ወገቧ ላይ ያለው ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል። ነርሷ የርክክብ ቅጹን አመጣች። ቅጹ «ዕቃው በመግለጫው መሠረት ነው?» ይላል፤ ጅማ ገለቴ ዘንድ የሚመለስ ነው። ፎዚያ «አንቺ ጻፊ» ብላ እስክሪብቶውን ለእታገኝ ሰጠቻት።

እታገኝ አሰበችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሦስት ሰዓት አዳመጥነው፤ አልቆመም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አናውቅም።»

ነርሷ በእታገኝ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። «እዚህ ጋ እኮ አዎ ወይም አይደለም ነው የሚባለው።»

«አውቃለሁ» አለች እታገኝ፤ አልሰረዘችውም።

ፎዚያ ቅጹን ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችና ከሥሩ ፈረመች። ሂክማ ከመስኮቱ ዞር አለች።

«ራበኝ» አለች።

በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ይህን ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። አሥር ሰዓት እስኪሆንና በሩ እስኪከፈት ግን ገና ሁለት ሰዓት ይቀር ነበር፤ ከነርሷ መሳቢያ ብስኩት ተገኘ።